ወንድሜ የገባበት ትምህርት ቤት

ወንድሜ ሁለተኛ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ሁለተኛዋ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። በአንድ ዓመት ተኩል እበልጠዋለሁ፤ እናቴ ግን ሁለት ልጅ በየተራ ከማመላለስ ብላ እኔን አቆየችኝና በአንድ ቀን ትምህርት ቤት አስገባችን። ሰበታ ውስጥ እስከ ስምንተኛ ክፍል አብረን ተማርን፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዴስክ ላይ። ውጤት በሚነገርበት ቀን መምህሩ መጀመሪያ የእሱን ስም፣ ቀጥሎ የእኔን ይጠራል። ቅር ብሎኝ አያውቅም። ቤት ስንደርስ አባቴ ሁለታችንንም ግንባራችንን ይስመናል። ወደ ሱቁ ሲመለስ የሚያወራው ግን ስለ እሱ ነው።

አባቴ በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ሰበታ ገበያው አጠገብ መጋረጃና አንሶላ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ጨርቅ እየለካ፣ ደንበኛው ጠየቀውም አልጠየቀውም፣ "ልጄ ዘንድሮም አንደኛ ወጣ" ይላል። ከገጠር ለገበያ የሚመጡት ሽማግሌዎች በኦሮምኛ ይመርቁለታል። የአባቴ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ሰላምታና ዋጋ ይችላል፣ ረዘም ያለ ወሬ ያመልጠዋል። ምርቃቱን ግን አይስትም። ማታ ቤት ሲገባ ማን ምን ብሎ እንደመረቀለት ለእናቴ ይነግራታል፣ ወንድሜ ደግሞ ያላለቀ የቤት ሥራ ያለው ለመምሰል ደብተሩ ላይ ያቀረቅራል።

ስምንተኛ ክፍልን ልንጨርስ ስንል ሱሉልታ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ፈታኞች መጡ። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት አዳሪ ነው፤ በፈተና መርጦ የሚወስደውም ወንዶችን ብቻ ነው። ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሆለታ፣ ከለገጣፎ፣ በዙሪያው ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ጎበዝ የተባለ ወንድ ልጅ ሁሉ ይፈተናል፤ የሚያልፉት ጥቂት ናቸው። ወንዶቹ ወደ ፈተናው ክፍል ሲገቡ በር ላይ ቆሜ ለወንድሜ ማስመሪያዬን አቀበልኩት። መምህራችን አየኝና፣ "ለሴቶች ማደሪያ አልሠሩም እኮ። በሚቀጥለው ዓመት ይሠራል ይባላል" አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት መባል የጀመረው እኔ ሳልወለድ እንደሆነ የሰማሁት ኋላ ነው።

ወንድሜ አለፈ። አባቴ ለጎረቤት ሱቆች ሁሉ ለስላሳ አዘዘ። እናቴ ብርድ ልብሱ ጥግ ላይ ስሙን በቀይ ክር ጠለፈችለት። እኔ ደግሞ እዚያው ሰበታ፣ ከቤታችን ብዙም የማይርቀው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ።

ያስገባነው አራታችንም አብረን ሄደን ነው። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና መርካቶ፣ ከመርካቶ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ። ግቢው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ሜዳው ጫፍ ላይ ነው። የሱሉልታ ነፋስ ሜዳውን ሁሉ አቋርጦ ከዚያ ግቢ በፊት የሚያርፍበት ነገር የለውም። እናቴ ገና ከባጃጁ ስትወርድ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና፣ "አንድ ብርድ ልብስ አይበቃውም" አለች።

ርዕሰ መምህሩ ጠጉራቸው የነጣ፣ ራሳቸውም እዚያው ያደጉ ሰው ነበሩ። ወላጆችን አዳራሽ ሰብስበው የግቢውን ታሪክ ነገሩን። መጀመሪያ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ነበር። መንገዱ ሲያልቅ መኪኖቹ ሄዱና ረጃጅሞቹ የቆርቆሮ ቤቶች ቀሩ። በደርግ ጊዜ አባቶቻቸው በጦርነት የሞቱባቸው ወንዶች ልጆች ማሳደጊያ ሆነ፤ ርዕሰ መምህሩ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበሩ። ማሳደጊያው ሲዘጋ ቦታው ለተመረጡ ተማሪዎች ተሰጠ። የካምፑ ነገር ግን ከግቢው አልወጣም። ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የከባድ መኪና ቸርኬ ነው። አዲስ የገቡት የሚያድሩበት ቤት ድሮ መኪና ይጠገንበት ስለነበር ዛሬም "ጋራዥ" ይባላል። አዲሱን ተማሪ ራሱን "አዲስ ጎማ" ይሉታል። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ዳኛ የሆኑ የቀድሞ ተማሪዎች ፎቶ ተደርድሯል። አባቴ ርዕሰ መምህሩ ሲናገሩ እያዳመጠ ዓይኑ ፎቶዎቹ ላይ ነበር።

መጨረሻ ላይ ርዕሰ መምህሩ፣ "ልጆቻችሁ ሁሉ ከየመጡበት አንደኛ ናቸው። ከነገ ጀምሮ ግን ከየክፍሉ አንደኛ የሚሆነው አንድ ልጅ ነው" አሉ። ወላጆች ሳቁ። አባቴም ሳቀ። እያንዳንዱ አባት ያ አንዱ የእኔ ልጅ ነው ብሎ የሳቀ ይመስለኛል።

ወንድሜ ለመጀመሪያው እረፍት ሲመጣ ቁመቱ ጨምሮ፣ ፊቱ ከስቶ ነበር። ወሬው ብዙ ነበር። ጠዋት ሳይነጋ በቸርኬው ጩኸት እንደሚነሱ፣ ውሃው እንደሚያደነዝዝ፣ ቁርሱ ሁልጊዜ ቅንጬ እንደሆነ፣ ትልልቆቹ አዲስ ጎማዎችን ዙሩ ብለው ሜዳውን እንደሚያስሮጧቸው። ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት በውጤት እንደሆነም ነገረኝ። ፈተና በመጣ ቁጥር ወንበር ይቀየራል፤ አንደኛ የወጣው መምህሩ ፊት ይቀመጣል፣ የመጨረሻዎቹ ከኋላ ግድግዳው ሥር። የመጨረሻውን ረድፍ "የኋላ ማርሽ" ይሉታል።

"አንተ የት ነህ?" አልኩት።

"መሃል አካባቢ" አለኝና ስለ ጓደኛው ማውራት ጀመረ።

ጓደኛው ከሆለታ ወጣ ብሎ ካለ መንደር የመጣ፣ የክርስቲያን ገበሬ ልጅ ነበር። ጋራዥ ውስጥ አልጋቸው ጎን ለጎን ነው። የልጁ አባት ገብስ ቆሎ በትልቅ ፌስታል ሲያመጡለት ከወንድሜ ጋር ይካፈላል፤ እናቴ የምትልከውን ቴምርም እንደዚሁ። ሁለቱ ሲሆኑ የሚያወሩት በኦሮምኛ ነበር። ወንድሜ ድሮም እንደ እኔ ከሰፈር ልጆች የለመደው ነበረው፣ ከዚያ ልጅ ጋር ከሆነ በኋላ ግን እንደ ተወለደበት ይናገረው ጀመር።

አባቴ በዚያ እረፍት፣ "ስንተኛ ወጣህ?" ብሎ የጠየቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወንድሜ፣ "እዚያ ከባድ ነው፣ አባ፤ ደህና ነኝ" አለው። አባቴ ደህና ነኝ የሚለውን እንደ መልስ ተቀበለው። ሱቅ ውስጥም የቀድሞውን ማለት አላቆመም።

በሁለተኛው ዓመት የወላጆች ቀን ተጠራ። አባቴ ሱቁን ዘግቶ፣ ሸሚዙን በካውያ አስተኩሶ፣ እኔን ይዞኝ ሄደ። ተማሪዎቹ ጥቁር አረንጓዴ ሹራባቸውን ለብሰው ሜዳው ላይ በየክፍላቸው ተሰለፉ። የዩኒት መሪው በድምፅ ማጉያ፣ "ልጆቻችሁ የቆሙት በውጤት ቅደም ተከተል ነው፤ ከፊት ያሉትን አጨብጭቡላቸው" አለ። አባቴ ስልኩን አውጥቶ ካሜራውን ከፍቶ የወንድሜ ክፍል ሰልፍ ፊት ለፊት ሄደ። መጀመሪያ የቆመውን ልጅ አየው። ቀጥሎ ያለውን አየው። የተሳሳተ ሰልፍ የመጣ መስሎት ወደ እኔ ዞረና፣ "ይሄ አይደለም እንዴ ክፍሉ?" አለኝ።

"ይሄ ነው" አልኩት። ወንድሜን ቀድሜ አይቼዋለሁ።

አባቴ ስልኩን እንደያዘ በሰልፉ ጎን ወደ ኋላ መራመድ ጀመረ። ሌሎች አባቶችም እንደዚሁ ይሄዱ ነበር፤ እርስ በርስ ግን አይተያዩም። ወንድሜ ከመጨረሻው ሁለት ሦስት ልጅ ቀደም ብሎ ቆሟል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ፊት ለፊት ያለውን ልጅ ጀርባ ያያል። አባቴ አጠገቡ ሲደርስ ቆመ። ስልኩን ከፍ አደረገና ፎቶ አነሳው። ከዚያ ደግሞ አንድ አነሳ። "ቀና በል፣ የኔ ልጅ" አለው። ወንድሜ ቀና አለ።

ወደ ሰበታ ስንመለስ አባቴ ስለ ሰልፉ አንድም ቃል አልተናገረም። አውቶቡስ ተራ ደርሰን ሰው እስኪሞላ ስንጠብቅ ብቻ፣ "እነዚያ ሁሉ ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ አይደል?" አለኝ። "አዎ፣ አባ፤ ሁሉም ጎበዞች ናቸው" አልኩት። ሱቅ ውስጥ ከዚያ በኋላ ስለ ወንድሜ ሲጠየቅ፣ "ደህና ነው፣ ይማራል" ይል ጀመር።

እኔ ሁለተኛ መሆንን ለምጄ ነው ያደግኩት። አንድ ሰው ከፊቴ መኖሩ የዘወትር ነገር ነው፣ እንደ አየር ነው። ወንድሜ ግን ከፊቱ ሰው ኖሮበት አያውቅም፤ በድንገት አንድ ክፍል ሙሉ ሰው መጣበት። ከሰልፉ በኋላ በስልክ ባገኘሁት ቁጥር እያጠናሁ ነው ይለኛል። እረፍት ደረሰ፣ እሱ ግን አልመጣም፤ ግቢ ውስጥ ሆኜ ላጥና አለ። እናቴ ቅር አላት፣ አባቴ ግን፣ "ተዪው፣ እልህ ይዞት ነው፤ እልህ ጥሩ ነው" አላት።

አሥራ አንደኛ ክፍል እያለን አንድ ከሰዓት በኋላ በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። የሆለታው ጓደኛው ነበር፤ የማደሪያ ተቆጣጣሪውን ስልክ ለምኖ ነው የደወለው።

"እህቱ ነሽ አይደል?" አለኝ። "ለናንተ እንዳልናገር አስምሎኛል። ግን ኑ። መጽሐፍ ገልጦ ይቀመጣል፣ ገጹ አይገለበጥም። ምግብ ቤት ጎትቼ ስወስደው አይበላም። አሁን ደግሞ ሲያናግሩት አይመልስም፣ እኔንም።"

አባቴ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሄዶ ነበር። እናቴና እኔ እንደቆምን ወጣን። የግቢው በር ላይ ዘበኛው፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ እናቴን አስገቧት፤ እኔን ግን በእጃቸው ከልክለው፣ "ከወላጆች ቀን ሌላ ሴት ልጅ አይፈቀድም፣ ልጄ፤ ደንብ ነው" አሉኝ።

"እህቱ ነኝ፣ አባባ። ታሞብን ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ደንብ ሆኖብኝ ነው" አሉና የራሳቸውን ዱካ አውጥተው እንድቀመጥበት ሰጡኝ። አልተቀመጥኩም። ከአጥሩ ወዲያ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ይጮሃሉ፤ ከአንዱ ክፍል የኬሚስትሪ መምህር ድምፅ ይሰማል፤ ትምህርቱ እኛም በዚያው ሳምንት የተማርነው ነበር። ብዙ ቆይቶ ሦስቱ መጡ። ጓደኛው ሻንጣውን ተሸክሟል፣ ወንድሜ ብርድ ልብሱን አቅፏል፣ እናቴ ክንዱን ይዛዋለች። ወንድሜ አየኝና እንደ እንግዳ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ጓደኛው ሻንጣውን ባጃጁ ላይ ጭኖ፣ የወንድሜን ሹራብ አንገት አስተካክሎለት፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ተመለሰ።

ሚኒባስ ውስጥ ወንድሜ በእኔና በእናቴ መሃል ተቀመጠ። እንጦጦን ስንወጣ፣ "እትዬ" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ወዬ።"

"እኔ እኮ ሰነፍ አይደለሁም።"

"እንዳልሆንክ አውቃለሁ።"

"አይደለሁም እኮ።"

እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ደጋግሞ ይሄንኑ አለኝ፤ እኔም አውቃለሁ አልኩት። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሻሿን ነክሳ ታለቅስ ነበር።

አባቴ መጀመሪያ ሼህ ዘንድ ወሰደው፣ ቁርኣን ተቀራበት። ሼሁ ራሳቸው፣ "ዱዓው አይቋረጥ፤ ሐኪምም ግን ይየው" አሉ። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ወንድሜን ለብቻው ብዙ አነጋገረችው፣ ከዚያ እኛን አስገብታ ሕመሙን አስረዳችን፣ መድኃኒቱ ረጅም ጊዜ እንደሚወሰድ ነገረችን። አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማትና፣ "ትምህርት ቤቱ ነው?" አላት።

"እንዲህ ያለ ሕመም ብዙ ጊዜ በዚህ ዕድሜ ነው የሚጀምረው። የትም ቢሆን ሊመጣ ይችል ነበር። ጭንቀቱ አባብሶት ይሆናል፤ እርግጠኛ ሆኜ አልነግርዎትም" አለችው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ ይሄን መልስ ሲያገላብጠው አውቃለሁ። ትምህርት ቤቱ ነው ብትለው የሚቆጣው ነገር ያገኝ ነበር፤ አይደለም ብትለው ደግሞ እፎይ ይል ነበር። ሁለቱንም አላገኘም። እኔም እስካሁን አላገኘሁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወንድሜ ተሻለው። ርዕሰ መምህሩ ከሱሉልታ ድረስ ሰበታ መጡ፤ ሱቃችን ውስጥ በጨርቅ ጥቅሎቹ መሃል ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። "ቦታው አለ። በፈተናም በደረጃም አናስጨንቀውም፤ የፈለገው ወንበር ላይ ይቀመጥ" አሉ። እናቴ አይሆንም አለች። ወንድሜ እሄዳለሁ አለ። ክፍል ሲገባ የተዉለትን የፊት ወንበር አልቀበልም ብሎ ራሱ የኋላ ማርሽ ሄዶ እንደተቀመጠ ጓደኛው ነገረኝ። "ቦታዬ እዚህ ነው፣ ሲደርሰኝ እመጣለሁ" አለ አሉ። ብዙም አልቆየ። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው በትምህርት ቤቱ መኪና ይዘውት መጡ። በራችን ላይ ቆመው የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ወንድሜ፣ አልቻልንም" አሉት። አባቴ ይግቡ አላቸው፤ አልገቡም።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚያው ሰበታ ጨረስኩ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት የተለቀቀ ቀን መረቡ ተጨናንቆ ገጹ አልከፈት ብሎኝ ስልኬን ይዤ ግቢያችን ውስጥ ስዞር ነበር፤ ሲከፈት እናቴ ጓዳ ነበረች። አሳየኋት። አልፌያለሁ፣ በደንብ አልፌያለሁ። እናቴ አቀፈችኝ፣ ወዲያው ደግሞ አፌን በመዳፏ ያዘችኝና፣ "ቀስ በይ፤ ተኝቷል፣ ይሰማል" አለች። ሁለታችን ጓዳ ውስጥ ተቃቅፈን ያለ ድምፅ አለቀስን፤ ግማሹ የደስታ ነው ብዬ አስባለሁ። አባቴ ማታ ሲመጣ በሹክሹክታ ነገርኩት። ግንባሬን ሳመኝ። ለጎረቤት ሱቆች ለስላሳ አላዘዘም፤ ያዛል ብዬም አልጠበቅኩ።

ወንድሜ ግን ከሦስት ቀን በኋላ ራሱ ጠየቀኝ። "ውጤት ወጥቷል አይደል?" አለኝ። ወጥቷል አልኩት። "አለፍሽ?" አዎ አልኩት። ፈገግ አለ፣ የድሮው ፈገግታ ነበር። "ጎሽ፣ እትዬ" አለኝ። ከዚያ ተነስቶ ክፍሉ ገባ፤ እስከ ማግስቱም አልወጣም።

አሁን ቡራዩ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የምኖረውም እዚያው ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ሰበታ እሄዳለሁ። ወንድሜ ከወላጆቼ ጋር ነው። ደህና በሆነ ሰሞን ሱቅ ይውላል፣ ጨርቅ ይለካል፣ ሳይሳሳት መልስ ይሰጣል። በማይሆንለት ሰሞን ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይውላል። መድኃኒቱ አወፍሮታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቤት ውስጥ በቀን የሚናገረው ጥቂት ቃል ነው፤ እናቴ እነዚያን ጥቂት ቃላት ማታ በስልክ ትነግረኛለች። "ዛሬ ወጡ ጥሩ ነው አለኝ" ትለኛለች።

ጓደኛው አልረሳውም። ሐኪም ሆኖ ወደ አገሩ አቅራቢያ ተመድቧል። ባለፈው ክረምት አንድ እሁድ፣ እኔም ቤት እያለሁ፣ ሊጠይቀው መጣ። እናቴ እጁን ይዛ አልለቅህም አለችው። ወንድሜ ክፍሉ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጓደኛው አጠገቡ ተቀመጠና፣ "አካም ጅርታ፣ ኦቦሌሳ?" አለው፤ እንዴት ነህ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው።

ወንድሜ ቀና ብሎ አየውና መለሰለት። ከዚያ በኦሮምኛ ማውራት ጀመሩ። መጀመሪያ ጓደኛው ብቻ ነበር የሚናገረው። ቀስ በቀስ የወንድሜ ድምፅ ገባ፣ እየረዘመ መጣ፣ እየፈጠነ መጣ። እናቴ ሳሎን ውስጥ ሰሃን እንደያዘች ቆመች። ወንድሜ ሳቀ። ያን ሳቅ ለዓመታት አልሰማነውም ነበር።

አባቴ ከሶላት ተነስቶ መጥቶ በሩ አጠገብ፣ ከውስጥ እንዳያዩት ጥግ ይዞ ቆመ። ጆሮውን ሰጥቶ ለማዳመጥ ሞከረ። ወሬው ለእሱ በጣም ፈጣን ነበር። ወደ እኔ ዞሮ በምልክት ጠራኝ።

"ምን እያለ ነው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ስለ አንድ ውሻ ነው የሚያወሩት፣ አባ።"

"ስለ ውሻ?"

"ማደሪያቸው ጀርባ የሚኖር ውሻ ነበር። ዳቦ ይደብቁለት ነበር። አንድ ቀን ተከትሏቸው የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ክፍል ገብቶ፣ መምህሩ ሲያባርረው አልወጣም ብሎ..."

"ሌላስ? ስለ እኛ ምንም አላለም?"

"አላለም፣ አባ። ስለ ውሻው ብቻ ነው።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ከውስጥ ወንድሜ የመምህሩን አነጋገር እየቀዳ ነበር፤ ጓደኛው እየሳቀ አልጋውን ይመታል። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ፣ የማይገባውን ወሬ እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። "ውሻ እንደነበራቸው አላውቅም ነበር" አለኝ። "አንድ ቀን እንኳ ስለዚያ ግቢ ሌላ ነገር ጠይቄው አላውቅም።"

ጓደኛው ሳይመሽ ለመድረስ ብሎ ምሳ እንደበላ ተነሳ። ወንድሜ እስከ አስፋልቱ ሸኘውና ብቻውን ተመለሰ። አባቴ ሳሎን ጠብቆት ነበር። አጠገቡ ቦታ ለቀቀለትና፣ "ውሻው ምን ዓይነት ነበር?" አለው።

ወንድሜ ተቀመጠ። አባቴን አየው፣ እኔን አየኝ፣ አፉን ከፈት አድርጎ የሚናገር መሰለ። ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ መሃል ደበቀ።

"ደክሞኛል፣ አባ" አለ።

"እሺ፣ የኔ ልጅ፤ ሂድና አረፍ በል" አለው አባቴ። ወንድሜ ክፍሉ ገባ። አባቴ እዚያው እንደተቀመጠ ቆየ፤ እናቴ መብራት ብታበራለትም ቀና ብሎ አላየም።